ሁለት ጆሮው የታየ ድኩላ

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ሀሚዳ በከርን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ ፎቶ መነሳት የሚፈራ። እኔማ ከማንም አብልጬ አውቃታለሁ። የልብስ ስፌት ቤቴንና የእሷን ፎቶ ቤት የሚለያቸው አንድ ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። እሷ ወዲያ ማዶ «አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ቀና» ስትል፣ እኔ ወዲህ በስፌት መኪናዬ ላይ እንዳቀረቀርኩ ትከሻዬን ቀና አደርጋለሁ። ኮት ለሌለው ደንበኛዋ ኮት የማውሰውም እኔ ነኝ። ያቺ ሰማያዊ ኮቴ ከልደታ ወጥታ ባታውቅም፣ በስንቱ ፓስፖርት ላይ ሆና ዓለምን ዞራለች።

ዕፀገነት እባላለሁ። አፌ እንደማያርፍ እኔም አልክድም፤ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ አፌ ለቁም ነገር የዋለበት ቀን አለና ታገሡኝ።

ፎቶ ቤቱን የከፈቱት የሀሚዳ አባት ጋሽ በከር ናቸው። በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው፣ መርካቶ አንድ ፎቶ አንሺ ዘንድ ሲላላኩ ሙያውን ቀስመው፣ ቆይተው እዚህ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ሲከፍቱ ሁለት ነገር በገዛ እጃቸው ሠሩ። አንደኛው ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ነው፤ ማንም እንዳያንቀሳቅሰው ብለው አራቱንም እግሮቹን ከጣውላው ወለል ጋር በሚስማር መቷቸው። ሁለተኛው ከወንበሩ በስተጀርባ የሚንጠለጠለው መጋረጃ ነው። አቡጀዲ ላይ በቀለም የተሳለ ሐይቅ፣ ዙሪያውን ተራራ፣ ሐይቁ ዳር የቆመ አንድ ድኩላ፤ ከታች ደግሞ በቀይ «ወንጪ ሐይቅ» የሚል ጽሑፍ። ጋሽ በከር ወንጪን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። አንድ የወሊሶ ነጋዴ የነገራቸውን ሰምተው ነው የሳሉት። ድኩላውን ደግሞ ከጎረቤት ሳሎን፣ ከግድግዳ ስጋጃ ላይ ገለበጡት። በዚያን ዘመን ስጋጃ ያልተሰቀለበት ሳሎን ከሳሎን አይቆጠርም ነበር፤ ስጋጃው ላይ ደግሞ ያ ቀንዱ ቅርንጫፍ ያወጣ የፈረንጅ አጋዘን አይጠፋም።

እናም ከጌጃ ሰፈር ያገባው፣ የተመረቀው፣ ኢድና ፋሲካ ያከበረው ሁሉ ከዚያ አውሬ ፊት ተቀምጦ ተነስቷል። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ የተነሳሁት ፎቶ ላይ፣ ከአናቴ ዛፍ የበቀለብኝ ይመስላል። እናቴ ፎቶውን እስክትሞት ድረስ ሳሎን ሰቅላው ኖረች።

የጋሽ በከር እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ካሜራው ለሀሚዳ አለፈ። ካሜራው አለፈ እንጂ ቤቱ አላለፈም። አባቷ በር ላይ ተቀምጠው፣ የሙስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ፣ ብርሃኑን፣ ወንበሩን፣ መጋረጃውን ይጠብቃሉ። ሰዉም «ጋሽ በከር ዘንድ ልነሳ» ነው የሚለው፤ «ሀሚዳ ዘንድ» የሚል የለም። ወጣቱ ደግሞ በስልኩ ራሱን ያነሳል፤ ጉርድ ፎቶ ፈልጎ ድንገት ከመጣም የመጋረጃውን አውሬ አይቶ ይስቃል። አንድ ቀን ሀሚዳ ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ «ዕፀገነት፣ እዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ነገር፣ አንዲት ነገር ብቻ የእኔ ብትሆን ምን ነበረበት?» አለችኝ። አላለቀሰችም። ሀሚዳ ስትናደድ ጥርሷን ነው የምትነክሰው። እኔ ግን በእሷ ፈንታ ተናደድኩ።

ነገሩን ያመጣው ቶሌሳ ነው። ቶሌሳ ወንጪ ሐይቅ ላይ ጀልባ የሚቀዝፍና እንግዳ የሚያስጎበኝ ሰው ነው። ሰንጋ ተራ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ፣ በዚያው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ገባ። ኮቴን ለብሶ ወደ ወንበሩ ሲሄድ መጋረጃውን አየና ሳቅ አመለጠው።

«ሐይቁስ የእኛ ነው። ይሄ እንስሳ ግን የየት አገር ነው?» አለ።

«ድኩላ ነዋ» አሉ ጋሽ በከር ከበሩ ላይ ሆነው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኛ ድኩላ ቅርንጫፍ አይሸከምም። ቀንዱ ሁለት ነው፤ ቀጥ ብሎ ትንሽ ጠምዘዝ ያለ። ወንዱ መልኩ ወደ ጥቁር ያደላል።»

ጋሽ በከር ሙስበሃ መቁጠራቸውን አቆሙ። «ይሄ ሁሉ ዘመን ይሄን ድኩላ ያየ ሰው ሁሉ ዓይን አልነበረውም ማለት ነው?» አሉ። ቶሌሳ አንገቱን ደፋ። ይሄኔ ሀሚዳ ከካሜራዋ ኋላ ቀና አለች።

«እውነተኛውን አንስቼ ባመጣስ፣ አባባ? መጋረጃውን ይቀይሩልኛል?»

እኔ ያን ጊዜ ቤታቸው ገብቼ ቆሜያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በግድግዳ አይሰማም። ጋሽ በከር ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ለእኔ ፎቶ ማለት ሁለት ጆሮ የታየበት ነው» አሉ። «ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ሲሮጥ አንስተሽ እንዳታመጪልኝ። እንደ ሰው ፊት ለፊት፣ ሁለት ጆሮው ታይቶ። እስከ ኢድ ዋዜማ ካመጣሽ መጋረጃውን በገዛ እጄ አወርደዋለሁ። ካላመጣሽ ግን እኔ በሕይወት እስካለሁ የመጋረጃ ነገር እዚህ ቤት አይነሳም።»

ጉርድ ፎቶ የተነሳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለት ጆሮ ካልታየ መሥሪያ ቤት አይቀበልም። ይህን ሕግ በዱር አውሬ ላይ ያወጡት ግን ጋሽ በከር የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም። ሀሚዳ «እሺ» አለች። ወሬው በማግስቱ ሜክሲኮ አደባባይ ደረሰ፤ ማን እንዳደረሰው አትጠይቁኝ።

ረመዳን ሳይገባ፣ ሀሚዳ ሠርግ ከምታነሳ ጓደኛዋ ረጅም ሌንስ ተዋሰችና እኔን አስከትላ ወጣች። በሚኒባስ ወሊሶ፣ ከወሊሶ ሽቅብ ወደ ወንጪ። ቶሌሳ ጥፋቱን ለመካስ ይመስላል፣ አፋፉ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ከዚያ ቁልቁል ሳይ፣ ጋሽ በከር ሳያዩ እንዴት አድርገው እንደሳሉት ገረመኝ። ሐይቁ ተራራው ሆድ ውስጥ ተኝቷል፤ ዙሪያውን ዳገት ነው፣ ዳገቱም ጥድና ኮሶ ለብሷል። የነጋዴው ምላስ ይባረክ አልኩ በልቤ።

ቶሌሳ በጀልባ አሻግሮ ጫካው እስከ ውሃው ከሚወርድበት ጥግ አደረሰን። ያን ቀን ሀሚዳ እጇ አላረፈም። ነጭ ጭራቸውን ቁልቁል ለቀው ቅጠል የሚበሉ ጉሬዛዎችን አነሳች። ቋጥኝ ላይ ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁ ሽኮኮዎችን አነሳች። እርጥብ መሬት ላይ የታተመ የጅብ ዱካ፣ የወደቀ የጃርት እሾህ፣ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ የምትሸሽ ሚዳቋ፣ ሁሉንም አነሳች። እኔ ከዚያ በፊት ያየሁት የዱር አውሬ የስድስት ኪሎን አንበሶች ብቻ ነው። እነሱም ስሄድ ሁልጊዜ ተኝተው ነው የማገኛቸው።

ድኩላው ግን የለም። «ጎህ ሲቀድ ውሃ ሊጠጣ ይወርዳል» አለ ቶሌሳ። እዚያው አካባቢ አድረን፣ በማግስቱ ሰማዩ ሳይገለጥ ቁጥቋጦ ኋላ ተቀመጥን። ለስንቅ ያመጣሁት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ሆኖ ከጎኔ አለ። መጀመሪያ የመጣው ጦጣ ነበር። ፌስታሌን ነጥቆኝ ዛፍ ላይ ወጣና ፊት ለፊታችን ተቀምጦ እንቁላሉን ይልጥ ጀመር። ሀሚዳ እሱንም አነሳችው። የዚያ ሌባ ሁለት ጆሮ ጥርት ብሎ ታይቷል።

ጦጣው በልቶ ከሄደ በኋላ ድኩላው ወጣ። ልክ ቶሌሳ እንዳለው ነበር። ወደ ጥቁር ያደላ ቡናማ፣ ጉሮሮው ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ሁለት ቀንድ ብቻ የተሸከመ። ጭጋጉ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ሀሚዳ ጠበቀች፤ እሱ አልዞረም። ሲቆይባት እጇ የለመደውን ሠራ። ፎቶ ቤት ውስጥ ሕፃን ልጅ አልዞር ሲላት፣ ከካሜራው ማቆሚያ ላይ የተንጠለጠለውን የቁልፍ ዘለላ ታንቃጭላለች፤ ሕፃኑም ዞሮ ይስቃል። ያ ቁልፍ ከነማቆሚያው ወንጪ ድረስ አብሯት መጥቷል። አንቃጨለችው።

ድኩላው እንደ ውሻ አንዴ ጮኸና ጫካ ገባ። ካሜራው ውስጥ የቀረው ጭራው ብቻ ነበር። ቶሌሳ ራሱን ያዘ። ሀሚዳ ቁልፉን ፈትታ ኪሷ ከተተች። እስከ ልደታ ድረስ በሁለታችን ፈንታ እኔ ተናገርኩ።

ጋሽ በከር ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ድኩላው ጋ ሲደርሱ «ጭራ» ብለው መልሰው ሰጧት። የጦጣውን ፎቶ ግን ሁለት ጊዜ ሲመለከቱት አይቻለሁ።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተያይዘው ነው የገቡት። ሰፈሩ ሁሉ ጾመኛ ሆነ። ሰው ሲያልፍ ሀሚዳን «ድኩላሽ እንዴት ነው?» ይላታል። እሷ «ደህና ነው፣ ሰላም ብሏችኋል» እያለች ታሳልፋለች፤ ማታ በሯን ስትዘጋ ግን ትከሻዋ ወድቆ አያታለሁ። ኢድ እየቀረበ ነው። ሌላ ዕድል የሚኖራት አይመስልም ነበር።

አንድ ከሰዓት እኔ ዚፕ እየቀየርኩ፣ እሷ ወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ እያነሳች ነው። እዚህ ላይ የጋሽ በከርን ዘዴ ልንገራችሁ። ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ እንጨት ይሆናል። ስለዚህ ጋሽ በከር አንዴ ፍላሽ ያበሩና «አለቀ» ይላሉ። ሰውየው እፎይ ብሎ ትከሻውን ሲጥል፣ የገዛ ፊቱ ይመለሳል። ያኔ ነው ዋናውን የሚያነሱት። «የመጀመሪያው ለሰውየው፣ ሁለተኛው ለእኛ» ይላሉ። ሀሚዳም ከእሳቸው የወረሰችው ይህንኑ ነው። ያን ቀን በግድግዳው በኩል «አለቀ» ስትል ሰማኋት። ሽማግሌው ተሸኙ። ወዲያው ሀሚዳ ካሜራዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች የእኔ በር ላይ ቆመች።

«ዕፀገነት፣ ለድኩላውም ‹አለቀ› መባል አለበት» አለችኝ።

«ጾሙ አናትሽ ላይ ወጥቷል መሰለኝ።»

«ስሚኝ። ስንመጣ ይሰማናል። መኖራችንን እያወቀ ነው ጀርባውን የሚሰጠን። አንድ ሰው እየተሰማ መሄድ አለበት። ሲሄድ ያየዋል፣ ሄዱልኝ ብሎ እፎይ ይላል፤ እኔ እዚያው እቀራለሁ።»

«ማን ነው የሚሄደው?»

«ሲሄድ የሚሰማ ሰው» አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ልቆጣ አሰብኩና ሳቄ መጣ።

በረመዳን መጨረሻ ሰሞን እንደገና ወጣን። ቁልፉን እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅላው ሄደች። ሁለታችንም ጾመኞች ስለሆንን ፌስታል የሚባል ነገር አልያዝንም፤ ያ ጦጣ መጥቶ ዞረንና ባዶ እጁን ተመለሰ። ሀሚዳ ሱሁሯን በልታ፣ ሱብሒዋን ሰግዳ፣ ጥቁር ሻርፗን ተከናንባ፣ ከወደቀ ግንድ ሥር ገብታ ተኛች። ቶሌሳ ቅጠል አለበሳት። ከሁለት እርምጃ ርቀት እንኳ አትታይም ነበር። ጎንበስ ብዬ «አይዞሽ» አልኳት፤ ከቅጠሉ ሥር «ሂጂ፣ አውሪ» የሚል ድምፅ መጣ።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ብድግ አልኩና «አለቀ። ምንም የለም። እንሂድ» ብዬ ጮክ አልኩ። ከቶሌሳ ጋር ወደ ጀልባው ስንወርድ ስለ ክር መወደድ አወራሁ። ስለ አከራዬ አወራሁ። ለአንዲት ሙሽራ ስለሰፋሁት፣ ሙሽራዋ ስለወፈረችበት ቬሎ አወራሁ። ጀልባው ውሃ ላይ ሲንሳፈፍም አላቆምኩም። ቶሌሳ እየቀዘፈ «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ከየት ያመጡታል?» አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ በሙሉ ልብ፣ ማንም ዝም በይ ሳይለኝ አውርቼ አላውቅም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የነገረችኝ ሀሚዳ ናት። ድምፄ ከራቀ በኋላ ድኩላው ከጫካው ወጣ። ጎኑን ሰጥቷት፣ ሐይቁ ላይ የሚሄደውን ጀልባ ተከትሎ ያያል። አንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚታያት። እግሯ ደንዝዟል፣ ጉንዳን እጅጌዋ ውስጥ ገብቷል፣ እሷ አልተነቃነቀችም። እጇ ቁልፉን ፍለጋ ወደ ኪሷ ሊሄድ ቃጥቶት ነበር። ቁልፉ ልደታ ነው። የምታደርገው ስታጣ፣ ባይሆን ጎኑንም ልያዝ ብላ አንዴ አነሳችው። ካሜራው ቀጭ አለ።

በቀጭታው ድኩላው ዞረ። አልሸሸም። ሰው ሁሉ ሄዷል ብሎ አምኗልና፣ ምንድን ነው ብሎ ፊት ለፊት ዞሮ፣ ሁለት ጆሮውን አቁሞ ተመለከታት። የመጀመሪያው ለእሱ ነበር። ሁለተኛውን ሀሚዳ ለእኛ አነሳችው። ድኩላው ጥቂት አየና ምንም እንደሌለ ሲገባው፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ውሃውን ጠጣ።

ስንመለስ ከግንዱ ሥር ወጥታ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሀሚዳ ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ደግሞ ጭራ ነው ብዬ ልቤ ወደቀ። ካሜራውን ዘረጋችልኝ። አንድ። ሁለት። ጆሮዎቹን በጣቴ ቆጠርኳቸውና እልልታዬን ለቀቅኩት። በጾም አፌ፣ በዚያ ማለዳ፣ ተራራው እስኪመልስልኝ። ጉሬዛዎቹ ምን መጣ ብለው ከዛፍ ወደ ዛፍ ዘለሉ። ቶሌሳ «እንግዲህ ዛሬ ሌላ እንስሳ አናይም» አለ፤ እሱም ግን ጥርሱ አልገጠመም።

በኢድ ዋዜማ ፎቶ ቤቱ በጎረቤት ተሞላ። ጋሽ በከር ድሮ ፊልም የሚያዩበትን አጉሊ መነጽር አውጥተው ፎቶው ላይ አጎነበሱ። ጊዜ ወሰዱ። ቀኝ ጆሮ፣ ግራ ጆሮ። ቀንዶቹንም አዩ። ከዚያ መሰላል አስመጡ። ሊያግዟቸው የተጠጉትን በእጃቸው መልሰው፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው የመጋረጃውን ገመድ ፈቱ። አቡጀዲው ወረደ። አራግፈው፣ አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙት። ሀሚዳ ሜክሲኮ በባነር ያሳተመችው ወንጪ በቦታው ተሰቀለ፤ ሐይቁ፣ ጭጋጉ፣ ሁለት ጆሮውን ያቆመው ድኩላ። ጎረቤታችን እማማ ወለተሰንበት ብቻ «የድሮው ቀንድ ያምር ነበር» ብለው አጉረመረሙ። ሌላው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ፤ ከፎቶው ውስጥ የእኔም ድምፅ አለበት።

በኢድ ጠዋት ጋሽ በከር ከስግደት ሲመለሱ ቀድመው የገቡት ፎቶ ቤት ነው። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል። ከድኩላው ፊት ቆመው ቆዩ።

«ወንጪ እንዲህ ነው?» አሉ።

«እንዲህ ነው፣ አባባ» አለች ሀሚዳ። «እስኪ ይቀመጡ።»

እዚያ ወንበር ላይ ጌጃ ሰፈር ሁሉ ሲቀመጥ እሳቸው ተቀምጠው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ነበሩ። ቅር እያላቸው ተቀመጡ። ወዲያው እንደማንኛውም ደንበኛ እንጨት ሆኑ። «አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ቀና» አለች። ፍላሹ በራ።

«አለቀ፣ አባባ። ይነሱ።»

ጋሽ በከር እፎይ አሉ። ትከሻቸው ወረደ፤ ያ በር ጠባቂ ፊታቸው ተፈታ፤ ልጃቸውን እንደ አባት አዩዋት። ካሜራው ቀጭ አለ።

የገዛ ዘዴያቸው ውስጥ መግባታቸው የገባቸው ቆይቶ ነው። አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ከዚያ ኮፊያቸው ወልቆ እስኪወድቅ ድረስ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሳቃቸው ሲበርድ ጎንበስ ብለው የወንበሩን እግሮች አዩ።

«ዕፀገነት፣ ጉጠት ይኖርሻል?» አሉኝ።

ሮጬ አመጣሁ። ጋሽ በከር በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ያን የዛገ ሚስማር አንድ በአንድ መንቀል ጀመሩ። የመጨረሻውን ሲነቅሉ አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች የያዘ ቤተሰብ በሩ ላይ ደረሰ።

«ጋሽ በከር፣ ኢድ ሙባረክ። እንነሳ እንዴ?» አለ አባትየው።

«የቤቱን ባለቤት ጠይቁ» አሉ ጋሽ በከር፣ ከወለሉ ቀና ሳይሉ።

ሀሚዳ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጎተተችና «ግቡ» አለች።